የወይዘሮ ይርጋነሽ ስለት

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ሊዘምት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ደምለው የተባለ የክቡር ዘበኛ ወታደር ደጀን ላይ ከጭነት መኪና ወረደ፤ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቢቸና የሚወስደውንም መንገድ ይዞ በእግሩ ተጓዘ። ዕድሜው ሃያ አራት ነበር፤ በደረት ኪሱ የያዘው ወረቀት በፈቃዱ ለዘመቻ ተመዝግቦ እንደ ነበረ፣ ሐኪሞች ግን በሳንባው ነቀርሳ ስላገኙበት ከሠራዊቱ መሰናበቱን ይገልጽ ነበር።

የቢቸና ቤቶች ከሩቅ በታዩት ጊዜ ከመንገዱ ዳር ቆመ። በጥር ወር ለስንብት መጥቶ ሳለ፣ የእናቱ ወንድም ግራዝማች ውበቴ በድግሱ ላይ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ፎክረው፣ «ከዚህ ቤት የወጣ ወንድ ወይ ድል ይዞ ይመለሳል፤ ወይ አይመለስም!» ብለው ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽም በማግስቱ በጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ቆመው፣ «ልጄ ባሕር ተሻግሮ በሰላም እስኪመለስልኝ ድረስ ራሴን ቅቤ አይንካው» ሲሉ ተስለው ነበር። ይህን ሁሉ ባሰበ ጊዜ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከተማውን በዳር አለፈ፤ በአራተኛውም ቀን ሞጣ ደረሰ።

በሞጣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ እንድሪስ አስጠጉት። የቤተ ክህነት ትምህርት ስለ ነበረው ለገበያተኛው ማመልከቻ እየጻፈ መኖር ጀመረ፤ ሐጂ ምሥጢሩን ካወቁ በኋላ ለማንም ላለመናገር ቃል ቢገቡለትም፣ ለራሱ ግን ዕረፍት አልሰጡትም። አንድ ቀን ከቢቸና ገበያ ሲመለሱ፣ የበቅሏቸውን ጭነት እንኳ ሳያራግፉ ጠሩት።

«እናትህን አየኋቸው።»

«ደኅና ናት?»

«ምን ደኅና! ራሳቸው እንደ ጭድ ደርቋል። ሴቶቹ ‹እመት ይርጋነሽ፣ ቅማሉ እንኳ ጠልቶዎት ተሰደደ› እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ግን ሻሽ ስሸጥላቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።»

«ባሕሩን ሳላይ ምን ብዬ ልግባ፣ ሐጂ?»

«አሞኛል ብለህ ግባ! ይህች ሳልህ ለምስክርነት ትበቃለች።»

«ጋሼ ውበቴስ?»

«ግራዝማችን ለእኔ ተዋቸው፤ ስንት ግንባር የዋለ ሰው የታመመ ልጅ አይበላም።»

«ሻለቃው ሲመለስ አብሬ እገባለሁ፤ ያን ጊዜ ማን ይለየኛል?»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አላህ ያን ያህል ዕድሜ ከሰጠህ» ብለው ጭነታቸውን ማራገፍ ጀመሩ።

ደምለው ያሰበው ይህን ነበር፤ ከተመላሾቹ እንደ አንዱ መስሎ መግባትና የእናቱን ስለት በሐሰት ማስፈታት። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ ዘማቾቹ መመለሳቸው በተሰማ ጊዜ፣ እሱ ደም ይተፋ ነበር፤ ከመደቡ መነሣትም ተሳነው። ሐጂ እንድሪስ የገቡትን ቃል አፍርሰው ወደ ቢቸና ገሠገሡ።

«ልጅዎ በሞጣ፣ በእኔ ቤት ነው» አሏቸው ወይዘሮ ይርጋነሽን፤ «ባሕር አልተሻገረም፤ በሕመም ተሰናብቷል፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ።»

እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በሕይወት አለ?»

ግራዝማች ውበቴ ይህን እንደ ሰሙ ወጥተው ቃሬዛ አስበጁ፤ እስከ ሞጣም ሄደው፣ በመልሱ መንገድ አንዱን ጫፍ በራሳቸው ትከሻ ተሸከሙ።

«ጋሼ፣ አሳፈርሁዎት» አለ ደምለው።

«ዝም በል፤ ትንፋሽህን ቆጥብ።» ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እኔ ያን ቀን ብዙ ተናገርሁ» አሉ።

ቢቸና በደረሱ ማግስት ሌላ ችግር ተነሣ። ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ልጃቸው ባሕር ስላልተሻገረ ስለቱ አልደረሰም ብለው ቅቤውን እምቢ አሉ፤ ደምለውም እናቴ ተቀብታ ሳላያት እህል አልቀምስም አለ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ሚካኤል ተጠርተው መጡ።

«የተሳሉት ለባሕሩ ነው ወይስ ለልጁ?»

«ለልጄ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ልጅዎ ይኸው ተመልሷል፤ እግዚአብሔር ይፍታዎት።»

ጎረቤታቸው ፈንታነሽ ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ ገባች፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሻሻቸውን ፈትተው፣ ልጃቸው ያያቸው ዘንድ ከመደቡ አጠገብ ተቀመጡ። ፀጉራቸው ከዓመት በላይ ደርቆ ተያይዞ ስለ ነበር አስቀድሞ ማፍታታት ግድ ሆነ፤ ፈንታነሽ ግማሹን አበጥራ ሳትጨርስ የደምለው ትንፋሽ ቆመ። በዚያው ዕለት፣ በአገሩ የሐዘን ሥርዓት፣ ያ ፀጉር ተላጨ። ቅቤው በቅሉ እንዳለ ቀረ።

የኮርያ ዘማቾች ስም በመዝገብ ሰፍሯል፤ ይገባቸዋልም። እንደ ደምለው በፈቃዳቸው ተመዝግበው ከመርከቡ በፊት የተመለሱትን ግን ማን ቆጠራቸው? እሱን የገደለው ነቀርሳ ነበር፤ ከእናቱ ደጅ ያራቀው ግን በድግስ ላይ የተወረወረ አንድ ቃልና ያን ቃል በእልልታ የተቀበለው ሕዝብ ነው። ግራዝማች ውበቴ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ፤ በማንም ድግስ ላይ ግን ዳግመኛ አልፎከሩም። ይህንንም የጻፈው የለም።