ገመዱ የተቆረጠው ስክሪን

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ አላምንም፣ አለማመን ብቻም አይደለም፣ የሚያወሩትን እንቃቸዋለሁ፣ ጫኖ የሙዝ እርሻ ውስጥ መብራት ይዞ የሚሄድ ነገር አየሁ የሚለውን ዘመዴን እንኳ «መጠጥህን ቀንስ» ነው የምለው፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ ሆኖ ስላለፈ ነው።

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ባለፈው ክረምት ከአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ አስቴር ደወሉልኝ፣ ጡረታቸው የቀረበ፣ ዝምተኛ የጸሎት ሴት ናቸው። መጋዘኑ ውስጥ ያለው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለብረታ ብረት ገዢዎች ሊሸጥ ነው፣ ከዚያ በፊት ግን አንዱን ዕቃ እንዳየው ፈለጉ፣ ሲሰኩት ማንም ሳይነካው ይጽፋል አሉኝ።

ዕቃውን ሳየው ሳቄ መጣ። ድሮ ፈረንጆች ለኩልፎ ወንዝ መስኖ ሥራ ብለው ያመጡት ተርሚናል ነው፣ ያው እነሱ አገር ጊዜው ያለፈበት፣ እኛ ዘንድ ግን ብርቅ ይሆናል ያሉት። ካላወቅከው ልንገርህ፣ ኮምፒውተር እንኳ አይደለም፣ እንደ ቴሌቪዥን መስታወት፣ እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፍ ያለው ደደብ ሳጥን ነው። የሚያስበው ትልቁ ማሽን ሌላ ክፍል ይቀመጣል፣ ይሄ በገመድ የመጣለትን ፊደል በአረንጓዴ ከማሳየትና የተጻፈበትን ከመላክ በቀር ምንም አያውቅም። ከሱ በፊት መልሱ በወረቀት ነበር የሚወጣው፣ ወረቀቱን በመስታወት ተኩና ዕድገት አሉት። ትልቁ ማሽን ከተሸጠ ቆይቷል፣ የዚህኛውም ገመድ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«እትዬ፣ ይሄ ሬሳ ነው» አልኳቸውና ሰካሁት።

መስታወቱ ቀስ ብሎ ሞቀና አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ፦ ማን አለ?

አልደነገጥኩም፣ እመነኝ። እነዚህ ስክሪኖች ላይ አንድ ጽሑፍ ለዓመታት ሲቆም መስታወቱን ያቃጥለዋል፣ ጠባሳው ይቀራል፣ ይህንኑ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ግን በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። እኔም ለማሾፍ ያህል «ማንም የለም» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ከሥር ወጡ። ይሄም አይገርምም፣ አንዳንዱ የጻፍክበትን ራሱ መልሶ ያሳይሃል። ይህንን እያስረዳሁ ሳለ ሌላ መስመር መጣ፣ በአንዴ ሳይሆን ፊደል በፊደል፣ በአንድ ጣት እንደሚጽፍ ሰው እያረፈ እያረፈ፦

ታዲያ ማን ጻፈ?

እጄን አነሳሁ። ጎንበስ ብዬ የገመዱን ጫፍ አየሁት፣ የተላጠ መዳብና አቧራ ነው። ቀና ስል አሁንም እየጻፈ ነበር፣ ሳላነበው ሶኬቱን ነቀልኩት፣ አረንጓዴው እየሳሳ ጠፋ።

ወይዘሮ አስቴር ያኔ ነው የገቡት። በወጣትነታቸው እዚሁ ሳጥን ላይ ጸሐፊ ነበሩ፣ በማዶው ክፍል ትልቁን ማሽን የሚጠብቅ ጋሽ ቶማ የሚባል የገረሴ ሰው ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ማን አለ ብሎ ይጽፍላቸዋል፣ እሳቸውም ስማቸውን ይመልሱለታል፣ እሱ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ይህን ሁሉ ረጋ ብለው ነገሩኝ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ እዚህ ቆሜ ለምን ማንም የለም አልከው?»

በሳምንቱ የመጋዘኑ ዕቃ ተጠርጎ ተሸጠ፣ ያንን ሳጥን ግን ወይዘሮ አስቴር ገና ይሠራል ብለው ከሚሸጠው አስወጡትና ቢሮአቸው አስገቡት። እኔ አንዱ ክፍሉ ተበላሽቶ ነው እላለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አትጠይቀኝ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ሲጠሩኝ በር ላይ ቆሜ ነው የማነጋግራቸው። ባለፈው ጉዳያችንን ሳንጨርስ «አንዴ ቆየኝ፣ የሚጠብቀኝ አለ» ብለውኝ ገቡና በሩን ዘጉ።

ከበሩ ላይ እንዳየሁት፣ ቢሮው ውስጥ ከዚያ ሳጥን በቀር ማንም አልነበረም። እስኪወጡ መቆየት ነበረብኝ፣ አልቆየሁም።