በመልካው አታቋርጥ

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ከደብረ ማርቆስ ተጠርታ ስትደርስ የአካለ ወልድ አስከሬን ከመደቡ ላይ ተጋድሟል፤ መቃብሩ ግን አልተቆፈረም። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ቄሱን ያያሉ፤ ቄሱ መሬት መሬቱን ያያሉ። ነፋሱ ዳሱን ያርገበግበዋል። ለቀስተኛው አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ይነሣል፣ ይቀመጣል።

«ዋናተኛ ነበር» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅነቱን የጨረሰው እዚያው የሞተበት ኩሬ ውስጥ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ሐሳብ ገብቶት ሰው አያናግርም ነበር። ሕዝቡ ራሱን አጥፍቷል ይላል። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም፤ ምን ላድርግ ልጄ?»

ሚስቱ ሽታዬ የታመመች እናቷን ስታስታምም ከሰነበተችበት ከሉማሜ ሌሊቱን ተጉዛ ነው የደረሰችው። ድምፅዋ ሰልሏል። «ያለ ጸሎት እንደ ውሻ ልትጥሉት ነው? የእኔን ባል?»

ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ ሟቹን አየችው። ቁስሉ ከማጅራቱ በላይ ነው። ራሱን ሊያጠፋ የዘለለ ሰው በጀርባው ይዘላል እንዴ? አማተበችና ወጣች።

አካለ ወልድ ከባሕር ማዶ የመጡ የፊልም ሰዎችን ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር የሚያገናኝ ሰው ነበር። ሰዎቹ ጮቄ ግርጌ፣ ከፏፏቴው አጠገብ ቀረጻ ሊጀምሩ ሲያቅዱ ነው የከረሙት። አሁን መኪናቸውን ጭነው ሞተር አስነሥተዋል። አዛዣቸው ሄንሪክ የሚባል ረጅም ፈረንጅ ነው፤ ቃሉን የምታስተረጉምለት የኔአለም ትባላለች፤ ሾፌሩ አብይ ነው። አራተኛው፣ ፈቃዱንም ማረፊያውንም የሚያሰናዳላቸው የአዲስ አበባው ምስጋናው ነው።

«ሞተሩን አጥፋው» አለች አብይን። «ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ኧረ እትዬ፣ ጠብ አይባልም! ትናንት ከሮብ ገበያ ከተማ መውጫ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አነሣነው። ወንዙን በመልካው አታቋርጥ፣ በተረተሩ ዙር አለኝ። መልካው እኮ አጭር ነው! የነዳጁን ነገር ባነሣበት፣ ‹ዛሬን ብቻ ወንድሜ› ብሎ ለመነኝ። አጉረመረምሁ፤ ዞርሁለት። ይኸው ነው።»

«ቁርስ በላችሁ?»

«እኛ በላን። እሱ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ዝም። ይህን ያህል ጠላኝ አልሁ በልቤ።»

«አንተ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?»

አብይ አንገቱን አከከ። «ሰው አደርሳለሁ፣ ሰው እመልሳለሁ። እኔ ከደጅ ነኝ።»

የኔአለም ከመኪናው ማዶ ጥፍሯን ትበላ ነበር። «በመንገድ ላይ ‹ስንደርስ ለሄንሪክ የምትተረጉሚልኝ አንድ ቃል አለ› አለኝ። ምንድነው ብለው ‹ለሱ ነው የምነግረው› አለኝ። አፉን በነጠላው እንደሸፈነ ሌላ አላወራም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለምስጋናው። እሱ ቀድሞን ፏፏቴው ጋ ነበር፤ ደውዬ ነገርሁት። ስንደርስ እኔና ሄንሪክ ከላይ ሆነን ቦታውን ልናይ ወጣን፣ አብይ ከመኪናው ቀረ፣ አካለ ወልድ ከፏፏቴው ሥር ወዳለው ኩሬ ወረደ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየሁትም።»

ፈረንጁን በእሷ በኩል ጠየቀችው። ሄንሪክ እጁን እያወናጨፈ መለሰ።

«ለካሜራው መንገድ የደብሩ ጽዶች መቆረጥ ነበረባቸው ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹ ፈቅደዋል ብሎ ምስጋናው ነግሮታል፤ አካለ ወልድም አዎ ብሎታል። ባይፈቅዱ ኖሮ ቀረጻውን ወደ ሌላ አገር አዛውረዋለሁ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ በሰው እምነት ላይ ቆሜ ፊልም አልሠራም ይላል።»

ምስጋናው ስልኩን ከእጅ እጅ እያገላበጠ ቀረበ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ኢንስፔክተር፣ ያሳዝናል። ኩሬው አጠገብ አገኘሁትና ‹ልብሴን አውልቄ ልግባ፣ ጥልቀቱን ልለካላችሁ› አለኝ። እኔ ስልክ ልደውል ወደ ጉብታው ወጣሁ። ስመለስ ልብሱ ብቻ ዳር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ፊቱ ደስ አላለኝም ነበር።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ኮት፣ ሸሚዝ፣ ሱሪ። ፖሊሶቹ ያገኙት ያው ነው።»

«ነጠላስ?»

«አልነበረውም።»

«እሺ» አለች ጥሩብርሃን። አብሯት የመጣውን ፖሊስ አበባውን ዞር አድርጋ አንድ ነገር አዘዘችው። ከዚያ አጥር ተደግፋ ስልክ ደወለች፤ ብዙ አዳመጠች፣ ጥቂት ተናገረች።

«ሁላችሁም ወደ ዳሱ ግቡ» አለች። «ፈረንጁም ይግባ። አንቺ ቃል በቃል አስተርጉሚለት።»

ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ የፊልም ሰዎቹ በሌላው ወገን ቆሙ። ሽታዬን ሴቶች ደግፈዋታል።

«ምስጋናው፣ አካለ ወልድ ያለህን ቃል እዚህ ድገመው።»

«ነገርሁሽ እኮ። ልብሴን አውልቄ ልግባ፣ ጥልቀቱን ልለካላችሁ አለኝ።»

«ያዙልኝ» አለች ጥሩብርሃን ለሽማግሌዎቹ። «አሁን እኔ የሰማሁትን ስሙ። ትናንት እሑድ ይህ ሰው በጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳፈረ። ቁርስ አልበላም። አፉን በነጠላ ሸፈነ። ወሬ አላወራም። ሾፌሩን በመልካው አታቋርጥ፣ ወንዝ አታሻግረኝ፣ ዛሬን ብቻ ብሎ ለመነው። አባ፣ እንዲህ የሚያደርግ ምን ያለ ሰው ነው?»

ቄስ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን ጨበጡ። «ቆርቦ ነበር?»

«ደውዬ ጠየቅሁ። ከሮብ ገበያው ደብር ከንስሐ አባቱ እጅ ቆርቧል፤ ሕዝብ አይቶታል። እዚህ ማንም ያላወቀው ለማንም ስላልነገረ ነው። የቆረበ ሰው በዕለቱ ልብሱን አውልቆ ውሃ ይገባል?»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን በአንድ ጊዜ ሳበ። አንዲት አሮጊት «እግዚኦ!» አሉ። ግራ የገባው ፈረንጁ ብቻ ነበር፤ የኔአለም አንሾካሾከችለት።

«መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ወንዝ አልሻገርም ያለ ሰው ራቁቱን ኩሬ ልግባ አይልም። ራሱንማ ጭራሽ አያጠፋም። እንግዲህ እገባለሁ አለ የሚለውን ቃል አፉ ላይ ያስቀመጠለት ሌላ ሰው ነው። እንደሱ ሲል ሰማሁ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ምስጋናው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ዳሱን የያዘው እንጨት ጀርባውን ነካው።

«ሽማግሌዎች» አለች ቀጥላ፣ «ጽዶቹ እንዲቆረጡ ፈቅዳችሁ ነበር?»

«የደብር ዛፍ?» ነጭ ጋቢ የለበሱት አቶ ፈንታ በቁጣ ተነሡ። «ማን ጠይቆን!»

«ማንም አልጠየቃችሁም። ፈቅደዋል የሚለው ቃል የምስጋናው ነበር። አካለ ወልድም ለፈረንጁ አዎ ብሎ መሰከረለት፤ ሰሞኑን ያብሰለሰለው እሱ ነው። ንስሐ ገባ፣ ቆረበ፣ እውነቱን ሊናገር መጣ። የኔአለም በየዋህነት ደወለች። እሱ ሲደርስ ምስጋናው ኩሬው ዳር ይጠብቀው ነበር። ከኋላው መታው፣ ልብሱን ገፈፈው፣ ወደ ውሃው ጣለው። ነጠላው ግን በደም ተነክሯልና ከልብሱ ጋር ሊያስቀምጠው አልቻለም። ስለዚህ ነጠላ አልነበረውም አለን፤ ሁለት ሰዎች ለብሶት ያዩትን።»

አበባው ገባ። ከምስጋናው የድንኳን መያዣ ሻንጣ ያወጣውን ነጠላ ዘረጋው። ጥለቱ ላይ ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። ሽታዬ አንዴ አይታ አወቀችው፤ ጥለቱን የመረጠችው ራሷ ነበረች።

ምስጋናው ለመሮጥ አልሞከረም። ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ።

«ለመንሁት» አለ። «ውሉን እስኪፈራረሙ ዝም በል፣ አገሩ ሥራ ያገኛል፣ እኔም ሰው እሆናለሁ አልሁት። ‹በዛሬ አፌስ አልዋሽም› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ንቀት መሰለኝ። እናቴ ትሙት፣ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

አበባው ክንዱን ይዞ አስነሣው።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ከቤተ ልሔሙ በኩል ቆፍሩ እንጂ!» በመቋሚያቸው አመለከቱ። «ዲያቆናቱ ይጠሩ፤ ጸናጽሉም ይምጣ።»

ሽታዬ ከደገፏት ሴቶች እጅ ወጥታ ወደ መደቡ ሄደች። የባሏን ግንባር በመዳፏ ነካችው።

«ሳትነግረኝ?» አለችው እንደሚሰማት ሁሉ። «ብትነግረኝ እኮ አብሬህ እቆም ነበር።»

ጥሩብርሃን ከደጅ ቆማ ጠበቀች። ደወሉ ሲደወል ነጠላዋን አጣፍታ ከለቀስተኛው ጋር ተሰለፈች።