ዐይንሽን ላፈር

በዘምራት መንግሥት ያ ክረምት በክፉ ምልክት ገባ። የአዝማር ወንዝ ደም መስሎ ወረደ፤ ዳርቻውን እየገመሰ መጥቶም ከቀይዋ የአበባ ቁጥቋጦ ሥር ደረሰ። ቁጥቋጦዋ እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። ነዳል የተባለው ዘንዶ በወንዙ ወለል ላይ የተኛው በአበቦቿ መዓዛ ነው፤ መዓዛው የጠፋ ዕለት ዘንዶው ይነቃል፣ ዘምራትም ትጠፋለች።

ሕዝቡ ቁጥቋጦዋን «የንግሥቲቱ ልጅ» ይላታል። እውነተኛዋ የንግሥቲቱ ልጅ ኤዶንያ ይህን ስም በሰማች ቁጥር በቅናት ትቃጠል ነበር። እንዴት አትቃጠል! ንግሥት አልማርያ ማለዳ ስትነሣ የምትሄደው ወደ ልጇ ሳይሆን ወደ አበባዋ ነው። ኤዶንያን ያጠባቻት ሌላ ሴት ናት፤ ቁጥቋጦዋን ግን ንግሥቲቱ በገዛ እጇ ታጠጣለች። ኤዶንያም ሰው በሌለበት እየሄደች «ዐይንሽን ላፈር!» ትላት ነበር።

አሁን ንግሥቲቱ በጽኑ ታማለች፤ ሕጉ ደግሞ ከንጉሣዊ ደም በቀር ቁጥቋጦዋን ማንም እንዳይነቅላት ያዛል።

«ልጄ ሆይ፣ ወደ ተራራው አትክልት ስፍራ አዛውሪያት» አለች ንግሥቲቱ። «ከቅርንጫፏ ሲሶውን ብቻ ቁረጪ። ሥሯንም ከነአፈሩ አውጪ። አፈሩ እንዳይረግፍ፣ እለምንሻለሁ!»

«ግርማዊት ሆይ፣ ለእኔስ እንዲህ ተጨንቀው ያውቃሉ?»

ንግሥቲቱ የነዳል መርዝ የማይበሳውን ካባዋን አንሥታ በልጇ ትከሻ ላይ ጣለችው።

ኤዶንያ ከጡት ወንድሟ ከጦረኛው ጋሪዶ ጋር ወደ ወንዙ ወረደች። ደርሳም ሰይፏን መዘዘች። ሲሶ የተባለውን ረሳችው። ኧረ አልረሳችውም፤ ቅናት ነው እጇን የያዘው። አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ ሁሉ እየመታች ጣለችው።

«በቃሽ እንጂ! ራቁቷን አስቀረሻት እኮ!» አለ ጋሪዶ።

«እስቲ አሁን ልዕልቷ ማን እንደሆነች ይለይ!»

ዙሪያዋን በሰፊው ቆፍረው ሥሯን ሲያነሡት ከበዳቸው። ኤዶንያም አፈሩን ልታራግፍ እጇን ሰደደች። ጣቷን አንድ ጠንካራ ነገር ነካት። ሥሩ የተጠመጠመበት ትንሽ ቀንድ ነበር፤ ጠርጋ ብታየው «ኤዶንያ» የሚል ተቀርጾበታል። በዘምራት የነገሥታት ልጅ እትብት ስሙ በተቀረጸበት ቀንድ ውስጥ ሆኖ ይቀበራል፤ ጠላት እንዳያገኘውም ቦታው ለባለቤቱ እንኳ አይነገርም። እናቷ በየማለዳው ስታጠጣ የኖረችው የማንን እትብት እንደሆነ አሁን ገባት። እፍረት ፊቷን አቃጠላት።

አፈሩ ይረግፍ ጀምሯል። ኤዶንያ ካባዋን አወለቀች፤ ሥሩን ከነአፈሩና ከነቀንዱ ጠቀለለችበት። በጋሪዶ ጋሻ ላይ ጭነው፣ ከሁለት ወገን ይዘው ሽቅብ ተነሡ።

ነገር ግን የተቆረጡት አበቦች ውሃው ዳር ወድቀዋል፤ መዓዛቸውን ጎርፉ አጥቦታል። ወንዙ ተሰነጠቀ። ነዳል ራሱን አነሣና መርዙን ተፋ።

«ጣይው! ፊትሽን ሸፍኚ!» ብሎ ጮኸ ጋሪዶ።

«በእናቴ እምላለሁ፣ አንዲት ጓል አልጥልም!»

ፊቷን የምትሸፍነው ጋሻውን ከለቀቀች ብቻ ነበር። አልለቀቀችም። መርዙ ዐይኖቿ ላይ አረፈ። ጋሪዶ ጋሻውን ከነሸክሙ በቀስታ አሳርፎ ሮጦ ወረደ፤ ከወደቁት አበቦች ጎርፉ ያልደረሰባቸውን በጦሩ ጫፍ ሰክቶ በዘንዶው ጉሮሮ ውስጥ ወተፋቸው። ነዳል አንዴ አዛጋ፤ ከዚያም ወደ ወለሉ ሰጠመ።

ኤዶንያ ተራራው ላይ ቁጥቋጦዋን በዳበሳ ተከለቻት። ለስንት ዓመት የረገመችበት ቃል በራሷ ደረሰ፤ ዐይኗን ለአፈር ሰጠች።

ክረምቱ ወጥቶ የቁጥቋጦዋ አዲስ እንቡጥ ሲፈነዳ፣ መዓዛው ቁልቁል እስከ ወንዙ ወረደ። ያን ቀን ንግሥት አልማርያ ከሕመሟ ተነሥታ ወደ አትክልቱ ስፍራ መጣች። ኤዶንያ ከአበባዋ ራቅ ብላ ተቀምጣ የእናቷን ኮቴ ሰማች።

«ጋሪዶ፣ ወደ ማናችን ነው የምትመጣው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቅናት በአንድ ክረምት የሚለቅ ነገር አይደለም።

«አበባዋን አልፋታለች» አለ ጋሪዶ። «ዞር ብላም አላየቻት።»

ሁለት እጆች ፊቷን ያዙት።

«እማዬ» አለች ኤዶንያ።