የሚስቴ ዘበኛ

እኔ በዚህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጓደኞቼ ስለ ጋኔን ሲያወሩ ሳቄ እያመለጠኝ ጨዋታቸውን የማበላሸው እኔ ነኝ፣ ቀናተኛ ነህ ካላችሁኝ ግን አልክድም፣ ሰናይትን ካገባሁ ጀምሮ ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ እንኳ ፈገግ ሲልላት ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የጀመረው አምና፣ በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት ብርዱ ሲገባ ነው። ቢከን ሂል ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፣ እኔ መሀል ሲያትል መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ሰናይት ደግሞ ወደቡ አጠገብ ያለች ትንሽ ሙዚየም ታጸዳለች። ሙዚየሙ አዲስ ኤግዚቢሽን አመጣ፣ የዛሬ መቶ ዓመት እንግሊዞች ቅኝ ይገዟት ከነበረች አንዲት የቀይ ባሕር ወደብ የተሰበሰበ የእሳት አደጋና የጥበቃ ዕቃ ነው፣ በእጅ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ፣ የቆዳ ባልዲ፣ ጫፉ ብረት የሆነ የዘበኛ ዱላ፣ የዘበኛውም ፎቶ።

ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ዘበኛው ሆነ።

"የኛን ሰው እኮ ነው የሚመስለው፣ ዓይኑን ብታየው" ትለኛለች ሽንኩርት እየከተፈች። "ሲመሽ እየዞረ የየቤቱን በር በዱላው ይመታል፣ የቤቱ ሰው 'አለን' ብሎ ይመልሳል። ዝም ካሉ እሳት ወይ ሌባ ገብቷል ብሎ በሩን በርግዶ ይገባል። ሶ፣ ሰው ሁሉ እሱን ተማምኖ ነው የሚተኛው። እንዲህ የሚያስብልህ ሰው ሲኖር አስበው እስቲ።"

እኔስ የት ሄጄ ነው፣ አልኩ በሆዴ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሞተ ዘመን በቆጠረ ሰውዬ ቀናሁ።

አንድ ቀን ራት እየበላን ቀና አለችና ወደ በሩ ዞራ "አለን" አለች።

"ለማን ነው የምትመልሺው?"

"በር ተመታ እኮ።"

"ማንም አልመታም።"

"ኦኬ፣ ተወው" ብላ ጎረሰች። በማግስቱም እንደዚያው፣ ደግሞ እመኑኝ፣ ድምጿ እኔን ከምታናግርበት ለስለስ ይላል። አንድ ወንድ አለ ብዬ ደመደምኩ። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ጫፍ ተደብቄ ጠበቅኩ፣ ማንም አልመጣም፣ ግን ብረት ወለል ሲነካ ሰማሁ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ያውም ምንጣፍ በተነጠፈበት ኮሪደር፣ በራችን ጋ ሲደርስ ቆመ፣ በሩ ተመታ፣ ከውስጥ ሚስቴ "አለን" አለች። ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር፣ እኔ ተናደድኩ።

"ከዛሬ ጀምሮ አትመልሺለትም" አልኳት።

"ካልመለስኩለት ይገባል።"

"ይግባና እንተያያለን።"

በማግስቱ ሲጨልም በሩ ተመታ፣ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኳት፣ ደግሞ ተመታ፣ ዝም አልን። አኩርፋ መኝታ ቤት ገባች፣ እኔም ተከትዬ ገብቼ፣ ባልሽ ማነው፣ እሱ ነው ወይስ እኔ እያልኩ ስጨቃጨቅ የተጣደውን ወጥ ሁለታችንም ረሳነው። ድንገት የውጭው በር ተበረገደ፣ ውሃ ሲደፋም ተሰማ። ሮጬ ስወጣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል፣ የወጥ ቤቱ መጋረጃ ግማሹ ነድዶ የቀረው ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ርሷል፣ ሰው ግን የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የቁልፉ ምላስ እንደተቆለፈ ወጥቶ ነበር። መጋረጃውን የነካሁበትን ጣቴን ሳላስበው ቀመስኩት፣ እንደ ባሕር ውሃ ጨው ጨው ይላል።

ሰናይት ከኋላዬ መጥታ ቆመች፣ እኔን አላየችኝም፣ የተከፈተውን በር እያየች ቀስ ብላ "አለን" አለች።

ሲነጋ ታች ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ደረጃው ላይ አገኙኝ።

"ትናንት ከናንተ ቤት የወጣው ረጅሙ ሰውዬ፣ ወንድሟ ነው?"

"የቱን ሰውዬ አይተው ነው፣ እትዬ?"

"ባለ ዱላው ነዋ። እጅ ነስቶኝ አለፈ። ምን ያለ ጨዋ ነው።"

ይህን ለሰናይት እንዳይነግሯት ለመንኳቸው።

ኤግዚቢሽኑ ተጭኖ ሄደ፣ ዱላውም ፎቶውም ሄዱ፣ በሩ መመታቱ ግን አልቀረም። አሁን ሲጨልም በሩ ሥር ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ጠቅ ሲል ቀድሜያት "አለን" እላለሁ፣ ሰናይት ምስጋና ይመስላታል፣ እኔ ግን ድምጿን እንዳይሰማ ብዬ ነው። ቤቴን ከእሳት ያዳነው እሱ መሆኑን አውቃለሁ፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

እስካሁን መልሴን ሰምቶ ይሄድ ነበር። ትናንት አልሄደም። ደግሞ መታ፣ ደግሜ መለስኩ፣ ጮክ ብዬ። አሁንም መታ።

"አንተን አይደለም የሚጠይቀው" አለች ሰናይት ከወጥ ቤት።

ዝም ካለች እንደሚገባ አውቃለሁ። በሩን በጀርባዬ ደግፌ እንደቆምኩ፣ በገዛ አፌ "መልሺለት" አልኳት።

መለሰችለት። ዱላው እየራቀ ሄደ፣ እኔ መስማት ካቆምኩ በኋላም እሷ ታዳምጠው ነበር።