ከጥርባ የመጣው ምልክት

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። እኔው ራሴ ነበርኩ።

ባለፈው ጥር፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የኤሌክትሮኒክስ ሱቃችን ውስጥ ነበርኩ። ውጭው ጉም ነው።

"ሱቃችን" የምለው የእኔንና የሥራ ባልደረባዬን የውዱን ነው።

ውዱ ከሞተ አርባ ቀኑ ነበር...

የጥርባን ሐይቅ ከፍታ እየለካ በሬዲዮ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ እየሠራን ነበር። ሰርኪዩት ቦርዱን የነደፍኩት እኔ ነኝ። እርጥበት እንዳይጎዳው ብዬ ሁሉንም በአረንጓዴው መከላከያ ቀለም ሸፈንኩት።

"ፋና፣ አንቴናው ላይ ይቅርብሽ" ብሎኝ ነበር ውዱ። "ቀለሙ የሞገዱን ቁጥር ዝቅ ያደርገዋል።"

አልሰማሁትም።

ሐይቁ ዳር ስንሞክረው አልሠራም። ሌላ ቦርድ ወስደን ቀለሙን ከአንቴናው ላይ ፋቅን። መዳቡንም በብር ለበጥነው። ሞገዱ ልክ ገባ።

ውዱ በማግስቱ ያንን ይዞ ብቻውን ወደ ሐይቁ ተመለሰ... ገደሉ አዳለጠው።

እሱን አወጡት። ቦርዱ ውሃው ውስጥ ቀረ።

በአርባኛው ቀን እናቱ፣ እማማ እታለማሁ፣ ዕቃውን ሊወስዱ መጡ።

"ልጄ ሲሠራ የነበረው በየትኛው ነው?"

ምልክቱን የምንሰማበትን የሬዲዮ መቀበያ ላሳያቸው ብዬ ከፈትኩት።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

"ምንድን ነው እሱ?"

የሞገዱን ቁጥር አየሁት። አረንጓዴው ቦርድ የሚሰጠው ዝቅ ያለው አይደለም።

የውዱ ነው።

ባትሪው ግን ከሁለት ቀን አያልፍም...

"የውዱ መሣሪያ ነው" አልኩ በሹክሹክታ።

"የት ሆኖ?"

"ሐይቁ ውስጥ... መሰለኝ።"

አልነበረም። የምልክቱ ጉልበት እየጨመረ ነበር። ሃያ... ሠላሳ አምስት... ስልሳ...

እየቀረበ ነው።

እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ። እማማ እጄን እንደ ቀበቶ አጥብቀው ያዙኝ።

"አታጥፊው። ይምጣ።"

"እማማ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ያኔ ብሰማው ኖሮ ሁለተኛ አይሄድም ነበር..."

ለቅሶዬን አልሰሙም። ጆሯቸው በሩ ላይ ነው።

ቁጥሩ መቶ ሲሞላ ድምፁ ቆመ።

እማማ ተነስተው በሩን ከፈቱ።

ጉም ብቻ።

እሳቸው ግን ሰው እንደሚያሳልፍ ጥግ ይዘው ቆሙ።

"ግባ። በርዶሃል እኮ..."

ነጠላቸውን አውልቀው ውዱ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ጣል አደረጉት።

በርጩማው መደገፊያ የለውም።

ነጠላው ግን አልወደቀም። የትከሻ ቅርጽ ይዞ ቆመ...

እማማም አጠገቡ ቁጭ ብለው ጫፉን ያስተካክሉለት ጀመር።