የጋሽ ጠጋኝ የስንብት ኢሜይል

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ከወንበሩ ሥር ነበር። ሟቹን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጋሽ ጠጋኝ ይላቸዋል። በነጻ የሚታደል የኢሜይልና የኢንተርኔት ማሰሻ ፕሮግራም አለ፤ ሌላው ሁሉ ወደ አዲሱ ቅጂ ሲሻገር፣ የድሮውን ብቻቸውን ቀርተው ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሮጌ ኮምፒውተር ያላቸው ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ያለዚያ ቅጂ ሥራቸው ይቆማል። እሳቸውም «በሕይወት እስካለሁ አልተዋችሁም» ብለው ቃል ገብተውላቸው ነበር።

«አስም ነው የገደላቸው» አለ ሐኪሙ። «ወዲያው ግን አልሞቱም። ብዙ ታግለዋል።»

መተንፈሻ መድኃኒታቸው የተገኘው ከመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ ነው። መርማሪዋ በእግር ጣቶቿ ቆማ ብትንጠራራም አልደረሰችበትም። ሟቹ ደግሞ ከእሷም ያጥሩ ነበር።

ታላቅ እህታቸው ኮሪደሩ ላይ ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል። «እስቲ እይው ልጄ። ይኼን ወንድሜ ይጽፈዋል?»

ለተጠቃሚዎች ሁሉ የተላከ ኢሜይል ነው፦ «ደክሞኛል። ከዛሬ ጀምሮ ለድሮው ቅጂ የምሰጠውን ድጋፍ አቁሜያለሁ። አትፈልጉኝ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እትዬ?»

«ግልፍተኛ ነው እንጂ ቃሉን አይበላም። ግን…» ድምፃቸው ወረደ። «ሳነበው አመንኩት። ከሃዲ ብዬ ሰደብኩት። ለካ ሞቶ ነው የምሰድበው! አሁን ሰው ሁሉ እንዲሁ እያለ ሊቀብረው ነው።»

«ሳይቀበሩ እውነቱን አመጣልዎታለሁ» አለች መርማሪዋ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ሁሉም ድንገት ሥራ ይበዛበታል። ሥራ አስኪያጇም ባዶ ጠረጴዛ ስታስተካክል ተገኘች።

«ኢሜይሉን መቼ አዩት?»

«ከምሳ ስመለስ። ገና ለምሳ ሳልወጣ መሐንዲሱ ደውሎ ‹ጋሼ ተሰናበቱን፤ መልእክታቸውን አየሽው?› ብሎኝ ነበር። ብፈልግ ብፈልግ የለም። ኢንተርኔቱ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ሲያነቡትስ ምን ተሰማዎት?»

ሥራ አስኪያጇ አንገቷን ደፋች። «እፎይ አልኩ። የድሮው ቅጂ ጣጣ አለቀ ብዬ። አፈር ልብላ።»

መሐንዲሱ ረጅም ነው፤ አዲሱን ቅጂ የሚመራው እሱ ነው። ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ጠጋኝ ናቸው።

«ዛሬ አግኝተዋቸው ነበር?»

«ኧረ እኔ! ከትናንት ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም፣ ድምፃቸውንም አልሰማሁም። ኢሜይሉ ሲደርሰኝ ነው የደነገጥኩት።»

«የድሮውን ቅጂ ለምን ቀደም ብላችሁ አልዘጋችሁትም?»

«ደንባችን አይፈቅድማ። የሚጠግነው ሰው ራሱ ተውኩት ካላለ ቅጂ አይዘጋም። እኛ ደግሞ ለአዲሱ ቅጂ ሰው አጥሮናል፤ ጋሼ ግን ከድሮው አልላቀቅ ብለዋል።»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰች። ኮምፒውተራቸው ላይ፣ በድሮው ቅጂ «ሰላም ነሽ?» ብላ ለራሷ ጻፈችና ላከች። ስልኳ ጭጭ አለ። ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን መስመር አንብባ ከንፈሯን መጠጠች፤ ወንበሩን ተደግፋም ጠበቀች። ስልኳ የጮኸው መጠበቁ ካንገሸገሻት በኋላ ነው። ያኔ ሦስቱንም አስጠራች።

«እትዬ፣ ወንድምዎ በንዴት የጻፉት ነገር አሳፍሯቸው ያውቃል?»

«ስንቴ! ‹ከአፍ ከወጣ አፋፍ› እያለ ይጸጸት ነበር። ኋላ መላ ተገኘለት። ለእኔ እንኳ ሲጽፍ ‹ቆይቶ ይደርስሻል› ይለኛል።»

«መላው ይኸው። የድሮው ቅጂ ‹ላክ› ሲሉት ወዲያው አይልክም፤ ላኪው ከተጸጸተ እንዲሰርዘው አንድ ሰዓት ያቆየዋል። የስንብቱ ኢሜይል ከዚህ የወጣው በምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ለማንም አልደረሰም። ታዲያ ገና ከምሳ በፊት ‹ተሰናበቱን› ብሎ የደወለው ሰው የት አነበበው?»

መሐንዲሱ ወደ በሩ ተመለከተ። «ምናልባት… ራሳቸው ነግረውኝ…»

«ድምፃቸውን አልሰማሁም ያልከው አንተ ነህ።» አንቱታው ቀረ። «ሳይደርስህ ያወቅከው አንተ ስለጻፍከው ነው። ተውኩት ይበሉ ብለህ መጣህ፤ እምቢ አሉህ። ክርክሩ አስማቸውን ቀሰቀሰው። መድኃኒቱን ነጥቀህ መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጥከው። እዚህ ካለነው ሁሉ እዚያ የሚደርስ እጅ ያንተ ብቻ ነው።»

«እሺ እስኪሉኝ ነበር» አለ መሐንዲሱ፣ ወለሉን እያየ። «እሺ እስኪሉኝ ብቻ። ሲወድቁ ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ። ‹ላክ› ብዬ ስክሪኑን እንኳ ሳላይ ወጣሁ።»

«ማቆያውን እኮ ለወንድሜ የሠራለት ይኸው ራሱ ነው!» አሉ እህትየው። «ገና ልጅ ሳለ። ወንድሜ ‹ከአፌ ያዳነኝ ልጅ› እያለ ስንቱን አጫወተኝ።»

«ረስቼው ነው። ከአዲሱ አውጥተነዋል። ያዘገያል ብለን።»

«ኢሜይሉ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚሁ ቆሞ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙም ወዲያው አልሞቱም ብሏል። ብትመለስ ለኢሜይሉም ለእሳቸውም ልትደርስ ትችል ነበር።»

ሥራ አስኪያጇ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እህትየው የወንድማቸው ወንበር ላይ ተቀመጡና በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ ጻፉ፦ «ወንድሜ አልተዋችሁም። ያልጻፈውን ጽፏል ብዬ ያመንኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁ።» ከዚያም ላኩት።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ።

«አንተ የጻፍከው ነው» አሉት ለመሐንዲሱ። «አንተ አንብብልኝ።»

«ጋሼ…» ብሎ ጀመረና ፊቱን አዞረ። የቀረውን ያነበበችው መርማሪዋ ናት፦

«ጋሼ፣ እስኪበርድልዎ ይቆዩ። አሁንም መመለስ ይችላሉ።»