ከራስ ቅሉ ውጭ ያለው ቀይ

«ትንሽ ዝቅ ላድርገው» አለና ፕሮፌሰር በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ማንሸራተቻ ወደ ግራ ሳባት። የአንጎሉ ምስል ያው ግራጫ ነው። እንደገና ሳበ። አንድ ቀይ ነጥብ ብቅ አለች፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ አንጎሉ ኩፍኝ እንደ ወጣበት ሕፃን ቀይ በቀይ ሆነ። ፕሮፌሰር አንድ ትልቅ ነገር የፈጠረ ይመስል ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰ።

ፕሮፌሰር ፕሮፌሰር አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የመርፌ የአክስቷ ልጅ። ስሙ የወጣለት መነጽር ስላደረገና ያልገባውን ነገር በወፍራም ድምፅ ስለሚናገር ብቻ ነው። መርፌም እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። ሰው የደበቀውን ካልወጋች እንቅልፍ አይወስዳትም ብለው ቤተሰቦቿ ያወጡላት ስም ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏታል። አሁን በኮምፒውተር ክፍሉ አጠገቡ የተቀመጠችው «የአክስትሽን ልጅ በሒሳብ ፕሮጀክቱ አግዥው» ተብላ ነው።

ምስሎቹ የእነሱ አይደሉም። አንድ የምርምር ማዕከል በሒሳብ ጎበዝ የሆኑና የሚደክሙ ልጆችን ማሽን ውስጥ አስተኝቶ፣ ሒሳብ እያሠራ አንጎላቸውን ፎቶ አንስቶ፣ ውጤቱን ማንም እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ተመራማሪዎቹ ማንሸራተቻዋን ባቆሙበት ቦታ ላይ ምንም ቀለም የለም። ከምስሉ ሥርም በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አላገኘንም ብለው ጽፈዋል። ፕሮፌሰር ይቺን ዓረፍተ ነገር አንብቧታል። አልወደዳትም።

መርፌ ስለ ማንሸራተቻዋ ቀደም ብላ አንብባ ነበር። ምስሉ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ነጥቦች የተከፋፈለ ነው፤ ኮምፒውተሩ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አለ ወይስ የለም ብሎ ይጠይቃል፣ «አለ» ያለችውን ቀይ ይቀባል። ያን ያህል ጊዜ ሲጠየቅ በአጋጣሚ ብቻ «አለ» የሚል መልስ የሚሰጡ ነጥቦች አይጠፉም። የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ሳንቲም ቢወረውር፣ ስድስት ጊዜ በተከታታይ በአንድ ፊት የሚያርፍለት አንዱ መኖሩ አይቀርም፤ ያንን ልጅ ግን ተሰጥኦ አለው የሚለው የለም። ማንሸራተቻዋ ስትጠብቅ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ታስቀራለች፤ ወደ ግራ ተስባ ስትላላ ያገኘችውን ሁሉ ታስገባለች።

ይህንን ነገረችው። ቀዩ ዓይን ውስጥም እንዳለ፣ ከራስ ቅሉ ውጭ ባዶው ላይም እንደተበተነ በጣቷ አሳየችው።

«አየሩም ሒሳብ ይሠራል ማለት ነው?» አለችው።

«አታካብጂ ባክሽ። ቀለም የሌለው ምስል ማን ያያል?»

ከዚያ ከጆሮ በላይ ያለችውን አንዷን ነጥብ መረጠና ዙሪያዋን ያለውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ። ቀጥሎ መጽሐፍ ገልጦ የቦታዋን ስም ፈለገ። ቀዩን አስቀድሞ አገኘ፣ ምክንያቱን ደግሞ በኋላ አመጣለት። መርፌ ከልቧ ናቀችው።

የባሰው ግን የአዋቂዎቹ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ምስሉን ሲያዩ አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ፣ ጎበዝና ሰነፍ ሲፈጠር ይለያል ብለው ዕድሜ ልካቸውን ያሰቡት ነገር በቀለም ታትሞ ስለመጣላቸው ጠጋ ብለው እንኳ ሳያዩ አመኑ። በወላጆች ቀን እንዲቀርብ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በሒሳብ የሚደክሙት ተማሪዎች መጋዘኑ አጠገብ ወዳለው ክፍል ይዛወራሉ፤ በማይበራ አንጎል ላይ ጊዜ ማጥፋት ለምን ያስፈልጋል አሉ። ማንሸራተቻዋ የት ጋ እንደቆመች የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። ቀይ አዩ፣ በቃ።

ከሚዛወሩት አንዷ ከመርፌ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ድምቢጥ ናት። ድምቢጥ ሒሳብ ትሳሳታለች፣ ግን ትሠራለች፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ትፍቃለች። ወሬውን በሰማች ማግስት ደብተሯን ባዶውን አስረከበች። መርፌ ለምን እንዳልሠራች ጠየቀቻት።

«መብራቱ ከሌለ ብሠራ ምን ያደርግልኛል» አለች ድምቢጥ፣ ዓይኗን ከዴስኩ ሳታነሳ።

መርፌ በፕሮፌሰር ላይ የነበራት ንቀት ያን ቀን ንዴት ሆነ፤ ለራሷም ተረፋት፣ ስላይዱን ያሳመረችለት እሷ ነበረችና።

ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ሰምታ ሰምታ፣ ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ግን አክስትሽ ለዚያ ቀን ቀሚስ አሰፍታለች፣ ልጇን በሰው ፊት እንዳታዋርጂባት፣ ለብቻው ንገሪው አለቻት። ለብቻውማ ነግራዋለች። ዳይሬክተሩም ጋ ሄዳ ነበር፤ በዘመድ መቅናት ጥሩ አይደለም ብለው መክረው ሸኟት።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መርፌ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠች። ፕሮፌሰር እጅጌው ጣቶቹን የሸፈነ የአባቱን ኮት ለብሶ፣ «እንደምታዩት» እያለ ማንም የማያየውን ያስረዳል። አክስቷ ከፊት ረድፍ በአዲሱ ቀሚስ ተቀምጣ በስልኳ ልጇን ትቀርጻለች። ድምቢጥ ከኋላ ከአባቷ ጎን ሆና ጫማዋን ታያለች።

«አሁን ምስሉን እንይ» አለ ፕሮፌሰር።

መርፌ ፊት ሁለት ፋይል አለ፤ አንዱ የተቆረጠው፣ አንዱ ሙሉው። አክስቷን አየች፤ አሳዘነቻት። ከኋላ ድምቢጥን አየች። ሙሉውን ከፈተችው።

ጭንቅላቱ ግድግዳውን ሞላው። ቀዩ ዓይኑ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ዙሪያውን ባለው ባዶ ላይ ተዘርቷል። ፕሮፌሰር ጀርባውን ለምስሉ ስለሰጠ አላወቀም፤ ስለ አንጎል የቁጥር ማዕከል ማስረዳቱን ቀጠለ።

የድምቢጥ አባት እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ ልጄ፣ ከጭንቅላቱ ውጭ ያለው ቀይስ ምንድን ነው?»

ፕሮፌሰር ዞሮ አየ። «እሱ ማለት...» አለ፣ ያ ወፍራም ድምፁ ቀጥኖ። አክስቷ ስልኳን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች፤ ድምቢጥ ቀና አለች።

«ይለፍ፣ የሚቀጥለው ይምጣ» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ መርፌ እያዩ።

መርፌ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።